ፎቶውን ያነሳው ሰው

እሑድ፣ ኖቬምበር 16፣ 1997

ዛሬ ነገሪ ቤት ሄጄ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፎቶዎች ላክኩ። ነገሪ ጎረቤቴ ነው፤ እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ኤደን ፕሬሪ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከሁላችንም ቀድሞ ኮምፒውተር ገዝቷል፤ ለዚህም ውለታው በየደቂቃው እንዲመሰገን ይፈልጋል። አንዱ ፎቶ ብቻ ለመሄድ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ኢንተርኔቱ የሚሄደው በስልኩ መስመር ስለሆነ፣ ነገሪ «እህቴ ከሲያትል ትደውላለች» እያለ ከኋላዬ ሲንጎራደድ ቆየ።

በኋላ እንዳይምታታብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። አንድ የአውሮፓ ቤተ መዘክር የዓለምን የባሕር ፍጥረት በሙሉ ኢንተርኔት ላይ መዝግቦ ሊያስቀምጥ ተነስቷል። ፎቶም ቪዲዮም ያለው ሁሉ ላኩልን ይላል። ክፍያ የለውም፤ የላኪውን ስም ግን ከፎቶው ሥር ይጽፋሉ። ማስታወቂያውን ያየሁት በምሠራበት ፎቶ ቤት፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ አንድ ደንበኛ ረስቶት በሄደ መጽሔት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ሦስት ዓመት የተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ አለኝ። ውስጡ አራት መቶ ስላይድ፣ ማለትም በካርቶን ክፈፍ የታቀፈ ትንንሽ የፎቶ ፊልም፣ እና ሁለት የቪዲዮ ካሴት አለ። ሁሉም ቀይ ባሕር ውስጥ፣ እኔና ባልደረባዬ ቸሩ ምጽዋ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት በነበርንበት ዘመን የተነሱ ናቸው።

ቆርቆሮው የብርነሽ ነው፣ የቸሩ ሚስት። ጠላቂው ቸሩ ነበር፤ ካሜራ ይዞ ከውሃ በታች የሚወርደው እሱ ነው። እኔ ጀልባውን እይዛለሁ፣ ሲወጣ ካሜራውን እቀበለዋለሁ፣ ስላይዱ ታጥቦ ሲመጣ ጠርዙ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ብርነሽ ቆርቆሮውን ኬንያ የስደተኛ ካምፕ ድረስ ይዛው ዞራለች። ሚኒያፖሊስ እንደደረሰች «አንተ ታውቅበታለህ» ብላ ሰጠችኝ።

ፎርሙ ላይ «ፎቶግራፍ አንሺ» የሚል ቦታ አለ፣ ከአጠገቡ የኢሜይል አድራሻ። የኔን ስምና አድራሻ ጻፍኩ። ለቸሩ ምን አድራሻ ልስጥ? በየካቲት 82 ምጽዋ ላይ ሞቷል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አድራሻ ካልተሞላ ደግሞ ፎርሙ አላልፍም ይላል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

መልስ መጣ። የመዝገቡ ኃላፊ አንዲት ሴት ናት፣ ዶክተር። ስድስቱንም ተቀብላቸዋለች። «እንደ እርስዎ ያለ ስብስብ ከዚያ አካባቢ አግኝተን አናውቅም» ትላለች።

እንደ እርስዎ ያለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፤ ለደብተር አልዋሽም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል ሰሞን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ሦስት መቶ ቤተሰብ ለበዓሉ የጠበሰውን የቱርክ ዶሮ ፎቶ አጠብኩ። ሁሉም ቱርክ አንድ ነው። አለቃዬ ከሥራ በኋላ ስካነሩን ተጠቀም ስላለኝ አርባ ስላይድ አዘጋጀሁ። ጠርዙ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት እንዳለ ቀዳሁ። እግሬ አለቀ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ሴትዮዋ ጥያቄ ላከች። አንዱ ስላይድ ላይ 1፡40 ተብሏል፤ ፎቶው ላይ ግን የፀሐይ ብርሃን ውሃውን ሰንጥቆ ይታያል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይህ ፀሐይ ከየት መጣ ትላለች። ሳቅኩ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፣ የእኛ አንድ ከአርባ የእናንተ ሰባት ከአርባ ነው ብዬ እዚያው መለስኩላት። በአጋጣሚ እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች፤ ነገሪ ሻዩን ሳይጨርስ መልሷ መጣ። በጣም ገርሟታል። «በአቆጣጠራችሁ ሌላም የሚለይ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ላስተካክለው» አለች።

ሌላ የለም አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ነገሪ ስልኩን ይፈልገው ነበር፤ ቸኩዬ ነው።

ነገሪ አሁን «ፕሮፌሰር ዓሣ» ብሎ ይጠራኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስለኔ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት፣ «ቦጋለ እኮ ባሕር ሥር የገባ ሰው ነው» እያለ። አንዱ «ዋና ይችላል እንዴ?» ብሎ ሲስቅም ሰምቻለሁ። አልችልም። ጀልባ ለመያዝ ዋና አያስፈልግም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ለብርነሽ ነገርኳት፤ የቸሩ ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል፣ ዓለም እያያቸው ነው አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ልጇ ቅድስት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አባቷን አታስታውሰውም። አድራሻውን ንገረኝ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር አለ ለካ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ደግሞስ ቢያዩት ምን ይላሉ? ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያስገባው ሰው ስም ነው የተጻፈው። እንደዚያ ብዬ ላስረዳቸው እችላለሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

ብርነሽ ዛሬም ምሳ ጠራችኝ። ሁለት እሑድ በተከታታይ። ቅድስት ሰላም አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። ብርነሽ ስለ ፎቶዎቹ ምንም አልጠየቀችም። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብቻ አለች፤ ምንም አልኳት። እንደገና ጠየቀችኝ። ደህና ምሳ ነበር።

ከዚያ ነገሪ ቤት ስገባ ከሴትዮዋ ረጅም ደብዳቤ ጠበቀኝ። ከላክኳቸው ውስጥ አንዷ፣ አረንጓዴ ዓይን ያላት ጣት የምታህል ዓሣ፣ አስደንግጣታለች። ይቺ ዓሣ በደቡብ ቀይ ባሕር ከ1985 በፊት ታይታ አታውቅም አሉ። የኔ ስላይድ ላይ 12/7/81 ይላል። ስለዚህ ጁላይ 12፣ 1981 ማለት ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም ቀዳሚው ማስረጃ የኔ ነው፣ ስለዚህ በምትጽፈው ጥናት ውስጥ ስሜን ልትጠቅስ ትፈልጋለች። አጭር የሕይወት ታሪክም ላክልኝ አለች።

ምጽዋ ከ1977 እስከ 1987 ሠራሁ ብዬ ጻፍኩላት። እሱ እንኳ እውነት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ ነው የጻፍኩት። ለራሴ ስሆን መቀየሩን አልረሳሁትም ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ስላይዱን አውጥቼ አየሁት። 12/7/81 የቸሩ ጽሑፍ ነው። እኔ ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ መስመር እሰጠዋለሁ፤ እሱ አይሰጠውም። መጋቢት 12፣ 81 ነው እንጂ ጁላይ አይደለም። በፈረንጅ ማርች 1989 ይሆናል። በመጋቢት 81 እኔ ካርቱም ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር።

ከአራት መቶው ስላይድ መቶ ሠላሳው እኔ ከወጣሁ በኋላ የተነሳ ነው። ቀኑን ካስተካከልኩ፣ በ87 ወጣሁ ያለ ሰው በ89 ዓሣ እንዴት አነሳ ትላለች።

ከገና በኋላ እጽፍላታለሁ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8፣ 1998

ገና ትናንት አለፈ። ብርነሽ ቤት ዶሮ በላን። ነገሪም ነበር፤ ስለኔ ዓሣ ሲያወራ አላቆም አለ፤ «በእሱ ስም አርቲክል ሊወጣ ነው እኮ፣ ቤቴን ሁሉ ላይብረሪ አደረገው» እያለ። ብርነሽ ወጥ እየጨመረችልኝ «በማን ስም?» አለችው። «በቦጋለ ነዋ» አላት። እሷ ድስቱን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትንሽ ቆየች።

ምናልባት ጨው ልታመጣ ይሆናል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። መኪናዬ አልነሳም ብላ ነገሪ በሱ መኪና ባትሪ ጀምፕ አደረገልኝ። ይህን ሁሉ በረዶ እያየሁ የባሕር ሥር ኮራል ፎቶ ሳስተካክል መዋሌ ለራሴም ይገርመኛል። የምሠራው ግን በጥንቃቄ ነው። አቧራውን አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ የደበዘዘውን ቀይ እመልሳለሁ። ቸሩ፣ ቀይ ቀለም ከውሃ በታች ይጠፋል ብሎ ይበሳጭ ነበር። አሁን ቢያየው።

ሴትዮዋ ሌላ ነገር አስተውላለች። መሃል ላይ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ፎቶ የለም፤ ምክንያቱ ምን ይሆን ትላለች። የነፋስ ወቅት ነው አልኳት። ሰባት ወር የሚነፍስ ነፋስ ምጽዋ የለም።

ክፍተቱ ከሐምሌ 79 እስከ ጥር 80 ነው። እኔ የወጣሁት በሰኔ 79። እናቴ ጎንደር ታማለች ብዬ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፣ ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ሱዳን። ያኔ ያለ ዋስ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ቸሩ ፈርሞልኛል። ሲፈርም እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎት እጁ መዳፍ ላይ ሞከረው፤ ይህን አስታውሳለሁ። በኋላ ብዙም አላስቸገሩትም ሲባል ሰምቻለሁ። ማን እንዳለኝ ግን አላስታውስም።

ካሜራው ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

አልጻፍኩላትም። ሥራ በዛ። ብርነሽ ስልክ ደወለች፤ እሑድ ትመጣለህ ወይ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። አልያዘኝም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ሁለተኛውን የቪዲዮ ካሴት ፎቶ ቤቱ ባለው ማሽን ወደ ቪኤችኤስ ካሴት ገለበጥኩ። ቪዲዮ በስልክ መስመር ልላክ ካልኩ ለፋሲካም አይደርስ፤ በፖስታ ነው የሚሄደው። ካሴቱ ላይ ግንቦት 80 ይላል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁልጊዜ የምሠራው ነገር ይመጣብኛል።

ዛሬ እስከ መጨረሻው ሄደ። ቸሩ ዓሣዎቹን ሳያስደነግጥ አንድ ቦታ ላይ ጸንቶ ይቆያል፤ ፊልሙ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ካሜራውን ማጥፋት ረስቶታል። ሰማይ ይታያል፣ የጀልባው ጎን፣ የተዘረጋ የሰው እጅ። ድምፁ ከካሜራው ሽፋን ውስጥ ታፍኖ ነው የሚሰማው፤ ግን ይሰማል።

«ቦጋለ፣ ያዝልኝ» ይላል።

ከዚያ እጁን ለዘረጋለት ሰው «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለምዶብኝ ነው» ይለዋል።

እኔ ከወጣሁ አሥራ አንደኛው ወር ነበር።

ያቺን አሥራ ስምንት ሴኮንድ ቆርጬ አስቀረኋት። ለዓሣ ጥናት አትጠቅምም። ከዚያ ማሽኑን ሳላጠፋ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አለቃዬ በሩን አንኳኩቶ «ዩ ኦኬ?» አለኝ። የማጠቢያው ኬሚካል ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩት፤ ጓንት አድርግ አለኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ብርነሽ ጋ ሄድኩ። ቅድስት ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቀና እያለች ታየኛለች። ሳያት ዓይኗን ትመልሳለች። አስተያየቷ የአባቷ ነው፤ እሱም የሚለው ነገር ኖሮት ሳይል ሲቀር እንደዚያ ነበር የሚያየው።

ስወጣ ብርነሽ እስከ መኪናው ሸኘችኝ፣ በዚያ ብርድ ላይ ነጠላ ብቻ ለብሳ። «የምትነግረኝ ነገር የለም?» አለች። መኪናዋ ትሙቅ ብዬ ነው የቆምኩት አልኳት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

የሴትዮዋ ጽሑፍ ረቂቅ መጣ። በነገሪ ማተሚያ አወጣሁት፤ የወረቀቱን ነገር ነገሪ አነሳ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አለሁ። ዓሣዋ፣ ጁላይ 12፣ 1981፣ ፎቶግራፍ አንሺ እኔ። እስከ ማርች አንድ ትክክል ነው ብዬ ካረጋገጥኩ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እሱን እየጠቀሱ ይቀጥላሉ ትላለች። ያኔ ሊስተካከል የሚችል አይመስለኝም።

ነገሪ ከትከሻዬ በላይ አነበበውና ስሜን በጣቱ ነካው። ከልቡ ደስ ብሎታል። «ፍሬም አድርገው» አለኝ። እሺ አልኩት።

ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ ተመለከትኩት። ስሜ በሕትመት ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዱ ተብለው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፉት ስሞች መሃል ወጥቷል አሉ፤ አላየሁትም።

የማስበው እንዲህ ነው። የቀኑ ስሕተት መጀመሪያ ላይ ስሕተት ነበር። የተጻፈውን ነው የቀዳሁት። ማንም የአገሬ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ዲሴምበር 7 ላይ «ሌላ የለም» ካልኩ በኋላ ግን ስሕተት አይባልም። ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 26

ላክኩት። ከሥራ በፊት፣ ነገሪ ሳይነቃ፤ የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ሰጥቶኛል።

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል፣ ወሩም የሚጀምረው በመስከረም ነው፣ ዓሣዋ የተነሳችው ማርች 21፣ 1989 ነው አልኩ። ሌሎቹንም ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀን ቀይሬ ዝርዝሩን አያያዝኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው እኔ አይደለሁም፣ ቸሩ የሚባል ሰው ነው፣ ሞቷል፣ እኔ ጀልባ እይዝ ነበር፣ ለዚያኛው ፎቶ ደግሞ ጀልባውንም አልያዝኩም አልኩ። ስለ ሰባቱ ወር የነፋሱን ነገር ተይው ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አልጻፍኩም።

በሩን ቀስ ብዬ ቆለፍኩና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 4

መለሰች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓሣዋ ከጽሑፉ ወጥታለች። ፎቶዎቹ ይቆያሉ፣ ቀናቸው ተስተካክሏል። ስሙን ግን በኔ ቃል ብቻ መለወጥ አትችልም። ፎቶግራፍ አንሺው ካረፈ የቤተሰቡ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል። ፎርሙን ልካለች። አንድ ገጽ ነው።

እስካሁን ስፈራ የነበርኩት ሴትዮዋን ነበር። የት እንዳለች እንኳ በካርታ ላይ አላሳይም።

እሑድ፣ ማርች 8

ጾም ስለሆነ ሽሮ ነበር። ሳልቀመጥ ልናገር ብዬ ገባሁ፤ ብርነሽ ብላ አለችኝ፤ በላሁ። ከዚያ ፎርሙን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የሠራሁትን ነገርኳት። ከስሙ ጀመርኩ፣ ወደ ቀኑ ሄድኩ። ንግግሬ ዘገባ ይመስል ነበር፣ ለራሴም ይሰማኛል፤ ሌላ አነጋገር አልመጣልኝም።

ስጨርስ «ታኅሣሥ ላይ ነው ቅድስት ያነበበችልኝ» አለች።

እስካሁን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«ስሙን ራስህ እንድታመጣው ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

«ባላመጣውስ?»

«ምሳህን በልተህ ትሄድ ነበር። ምን አደርግሃለሁ?»

ቅድስት ፎርሙን ለእናቷ ተረጎመችላት። «ለፎቶግራፍ አንሺው ምኑ ነዎት?» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ብርነሽ ሚስቱ በይ አለቻት። ፈረመች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ አስገባሁት። ልነሳ ስል ቅድስት በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ዌር ዩ ዜር? ዌን ሂ ቱክ ዘ ላስት ዋንስ?»

እዚያ ነበርክ ወይ ማለቷ ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሲያነሳ። አልነበርኩም አልኳት።

«ኋይ ናት?» ለምን አልነበርክም ማለቷ ነው።

ብርነሽን አየኋት። ተው አላለችኝም፣ ንገራትም አላለችኝም፤ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ፈቃድ ወስጄ ከአገር ወጣሁ፣ አባትሽ ዋሴ ነበር አልኳት። ልጅቷ ቃሉን አታውቀውም። ወደ እናቷ ዞረች።

«ዋስ ማለት» አለች ብርነሽ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ «አንድ ሰው እመለሳለሁ ብሎ ሲሄድ፣ ባይመለስ እኔ ልጠየቅ ብሎ የሚፈርምለት ሰው ነው። አባትሽ ሰባት ወር ታስሮበታል።»

ቧንቧው ሲፈስ ይሰማል። ቅድስት ነገሩን አስባ አስባ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረችኝ።

«እና ተመለስክ?»

አልተመለስኩም አልኳት።